የጥላው ግዝት

ዘንድሮም ክረምት በቀኑ ገባ። ደመና አልነበረም፣ ዝናብም አልነበረም፤ ክረምቱ ግን ገባ። ሰኔ ሃያ ስድስት ቅዳሴው ሲያልቅ ቄስ አንማው ወደ ሕዝቡ ዞረው «ክረምት ገብቷል፤ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ወንዙ እንጸልይ» አሉ። እኛም «አሜን» ብለን ላባችንን በነጠላችን ጫፍ ጠረግን። ዝናብ ከመጣ የሚመጣው ጥቅምት ውስጥ ነው። ያኔ ደግሞ ዘመነ ጽጌ ስለሆነ የምንዘምረው ስለ አበባ ነው፤ ጎርፉ በረቱን ይዞ እየሄደ እኛ አበባ እናወድሳለን። አደይ ብቅ የሚለው ኅዳር ላይ ነው። ለእንቁጣጣሽ ልጆች ከከተማ የመጣ የላስቲክ አደይ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ እኛም ተቀብለን፣ ምን ይደረግ፣ እናሸተዋለን።

አንድ ቀን ቄሱን «አንቱ፣ ክረምቱን ወደ ጥቅምት ቢያዛውሩት ምን አለ? ዝናቡ እንደሁ አልሰማ ብሏል» አልኳቸው። ሳቁ። «ዝናቡ መንገድ ስለሳተ እኛም አብረን እንሳት?» አሉ። ባለቤቴ ናቸው፤ በቁርባን የተጋባን ነን፤ እንዲህ የምደፍራቸው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ዘነቡ እባላለሁ። የተወለድኩ ለት ዶፍ ወርዶ ነበር ይላሉ። ዛሬ ልጁን በዚህ ስም የሚጠራ የለም፤ ሰው ይስቅበታል።

አገራችን ዝግባ ዳር ሚካኤል ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ መሐል ላይ ነው፤ ዙሪያውን ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ ከቦታል። ከዚህ ደን በቀር በወረዳው ውስጥ ቆሞ የሚታይ ዛፍ የለም። ከሩቅ ለሚያየን ራሰ በራ ላይ የቀረች ጸጉር እንመስላለን። ቄሱ ይህን ደን ይወዱታል ብል አነሰ። አንዲት ልጃችንን ማስተዋልን እንኳ እንደ ችግኙ አላባበሏትም። ቧንቧ ሳይመጣ በፊት ከወንዝ በጀሪካን እየተሸከሙ ያጠጡ ነበር። «አዳም ገነት ውስጥ የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው፤ ሥራው እስከ ዛሬ አልተሻረም» ይላሉ። ይህን ሲሉ አይቀልዱም።

ድርጅቱ የመጣው በሁለት ሺህ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። የዛፎቻችንን እስትንፋስ ለባሕር ማዶ ሰዎች ይሸጣል። እንዴት እንደሚሸጥ እኛ አልጠየቅንም፤ ለኛ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቧንቧ አስገባልን፤ ወንዙ ከደረቀ ወዲህ የምንጠጣው ያንን ነው። በየዛፉ ላይ ዓይን ሰቀለ። ዓይኖቹ የሰው እርምጃ ይቆጥራሉ፤ አፈሩ ከተረገጠ እስትንፋሱ ይጎድላል አሉን። ውሉን ይዞ የመጣው አቶ ዮናታን የሚባል፣ ጫማውን አቧራ የማይደፍረው ሰው ነበር። ዘበኛ ትቀጥራለህ ወይ ስንለው ራሱን ነቀነቀ። «ዘበኛ ይተኛል፤ ግዝት አይተኛም» አለ። ሰውዬው ያደገው ከተማ ነው፤ የት እንደተማረው እንጃ።

ዛፍ የቆረጠ ውጉዝ ይሁን የሚለውማ ድሮም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቄሱ የወደቀ ቅርንጫፍ ያነሳ ብለው ጨመሩ። ቀጥሎ ከመንገዱ ወጥቶ የረገጠ ተባለ። በሌላ ደብር ግን አንድ ካህን የገዘቱትን ብርድ በበዛ ዓመት መልሰው ፈትተው፣ ሰዉ ለማገዶ ገብቶ፣ ድርጅቱ ከሰረ። ስለዚህ አቶ ዮናታን መጥቶ ቃሉ ላይ አንዲት ነገር እንዲጨመር ለመነ። ቄሱ ብዙ አሰቡበት፤ እህል እስኪተዉ ድረስ አሰቡበት። በመጨረሻ በሚካኤል ለት መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ከዚህ መንገድ ወጥቶ ደኑን የረገጠ ውጉዝ ይሁን! እኔ ራሴ ተመልሼ ግቡ ብላችሁ እንኳ፣ ቃሌን ሰምቶ የገባ ውጉዝ ይሁን!» አሉ። ሕዝቡ ክው አለ። ከዚያ «አሜን» አለ። እኔም ብያለሁ።

መንገዱ ከደጀ ሰላሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሲሚንቶ ነው። የድርጅቱ መኪና እንዲያልፍበት ተብሎ ሰፍቷል፤ ግራና ቀኙ ነጭ የተቀባ የድንጋይ ጠርዝ አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርዙን ያለፈ እግር የለም። አሮጊቶች ከወይራው ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ ቀረ። ሙታናችንን ከዛፎቹ ሥር እንቀብር ነበር፤ አሁን ከቅጥሩ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ኳሳቸው ጠርዙን ያለፈባቸው ልጆች ኳሷን ትተው ይሄዳሉ። እዚያ ማዶ ፀሐይ ያሰነጠቃቸው ኳሶች ተኮልኩለው ይታያሉ።

ደኑ ግን ለማ፤ በሐሰት አልመሰክርም። ጠፍቶ የነበረ ጉሬዛ ተመለሰ። ኮሶው ዘር ጥሎ አበቀለ። ቄሱ ማለዳ ማለዳ በመንገዱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ አንገታቸውን እያሰገጉ ቡቃያ ይቆጥሩና ቤት ሲመጡ ፊታቸው ይበራ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ስልኩ ሁሉ ባንድ ላይ ጮኸ፤ ቀይ ቀን። ቀይ ቀን ሲታወጅ ሥርዓቱን ሕፃን ያውቀዋል። ከብት አይወጣም፤ እሳት አይነድም፤ የወረዳው አውቶቡስ መጥቶ ሕዝቡን ወደ ቀዝቃዛው አዳራሽ ይወስዳል። ሴቶች ስንቅ ይቋጥራሉ፤ ወንዶች አዳራሹ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፤ ማታ ይመልሱናል። በዓል በሉት። ያን ቀን አውቶቡሱ አልመጣም። አስፋልቱ ቀልጦ ጎማውን ይዞታል አሉ። ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ፤ ማራገቢያው ቆመ፤ ቧንቧውም የሚስበው በመብራት ነውና ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም አለ። ቤታችን ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ሰው የት ይሂድ? ወደ ሚካኤል ሄደ።

ቤተ ክርስቲያኑም ቆርቆሮ ነው። ትንሽ እንደቆየን ውስጥ ሰው መውደቅ ጀመረ፤ ተሸክመን ወጣን። እንግዲህ መንደሩ በሙሉ ያ ሲሚንቶ ላይ ተደረደረ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነች፤ መንገዱ ሰፊ ነው፤ የዛፎቹ ጥላ ጠርዙ ጋ መጥቶ ይቆማል። አንድ እርምጃ ነው። እጅ ቢዘረጋ ቅዝቃዜው ይዳሰሳል። ሰው ግን እግሩን ሰብስቦ፣ ነጠላውን አናቱ ላይ ጥሎ፣ «እግዚኦ» ይላል። በር አልተቆለፈብንም፤ ጠመንጃ የያዘ አልቆመብንም። ይኸን ዛሬ ለሌላ አገር ሰው ባወራ ማን ያምነኛል?

አማቴ እማሆይ ወለተ ሐና፣ የቄሱ እናት፣ አጎዛቸውን ሲሚንቶው ላይ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከመነኮሱ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን አልመነኮሰም፤ እኔና እሳቸው ዕድሜያችንን በነገር ስንጓሸም ነው የኖርነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ አየሁና ጎንበስ ብዬ «እማሆይ፣ ይችን ጠርዝ ተሻግረው ከወይራው ሥር ጋደም ይበሉ፤ እኔ እጋርድዎታለሁ፤ ማንም አያይም» አልኳቸው።

«ልጄ የገዘተውን ላፍርስ? እሰይ፣ ደህና ምራት አለችኝ!»

«የሞቱ እንደሆነስ?»

«ሞት ለኔ ብርቅ ነው እንዴ? ይልቅ ያቺን አራስ እያት።»

አራሷ ማስተዋል ናት። ባሏ የሚሠራው ከተማ ነው፤ ለመውለድ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። የልጁ አርባ ቀን ስላልሞላ ወደ ውስጥ አትዘልቅም፤ ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጣለች። እሱም ቆርቆሮ ነው። ጠዋት ልጁ ያለቅስ ነበር። እኔ ስደርስ ማልቀሱን ትቷል። ጡቷን አፉ ውስጥ ትከታለች፤ እሱ አይስብም። «እማ፣ ተኝቶ ነው አይደል?» አለችኝ። ተኝቶ አልነበረም።

ተመልሼ ስሮጥ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጩኸት ተሰማ፤ አንድ ሽማግሌ ሞተው ነበር። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ሕዝቤ፣ ፈትቻለሁ! በእግዚአብሔር ስም ፈትቻለሁ! ወደ ጥላው ግቡ!» ብለው ጮኹ።

ማንም አልተነቃነቀም። ጎረቤታችን አያ ካሤ፣ በመንደሩ ቃሉ የሚሰማ ገበሬ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ አንገቱን ቀና አደረገ። «አባታችን፣ የነገሩን እኮ ይኸንኑ ነው። እኔ ራሴ ግቡ ብላችሁ እንኳ አትግቡ ብለዋል» አለ።

«ያኔ ይህን ቀን አላሰብኩትም፣ አያ ካሤ!»

«ግዝት ደግሞ ቀን ይመርጣል?» አለ። በክፋት አልነበረም፤ እንባው እየወረደ ነው። «እንግዲያው ይቅደሙን። እርስዎ ከገቡ እኛም እንከተልዎታለን።»

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ቄሱን አየ። ቄሱ ጫማቸውን አወለቁ። በዚያ በሚፋጅ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግራቸው ተራምደው ጠርዙ ጋ ደረሱ። ቀኝ እግራቸውን አነሱ። እግራቸው ጥላው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መልሰው ሲሚንቶው ላይ አስቀመጡት።

እዚህ ላይ ነው እኔ የነደድኩት። ድፍረት አይደለም፤ እምነትም እንዳይመስላችሁ። ንዴት ነው። ወደ ደጀ ሰላሙ ሮጥኩ፤ ልጁን ከማስተዋል ጭን ነጠቅኩ። «እማ! ምን ልታደርጊ ነው? እማ!» አለች። «ዝም በይ!» አልኳት። ጠርዙን ተሻገርኩ።

ቅጠሉ እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠው። ለዓመታት ማንም ያልረገጠው፣ ያልጠረገው ቅጠል ነው። ሥሩ እርጥብ ነበር። እርጥብ! በሐምሌ፣ በዚያ ሐሩር፣ እርጥብ አፈር! ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ ዛቅኩና የልጁን ደረትና ግንባር ቀባሁት። ትንሽ ቆየ። ሳል አለ። ከዚያ ጮኸ። እኔም አብሬው ጮኽኩ፤ «ግቡ! ምንም የለም! ጥላ ነው፣ ጥላ ብቻ ነው! ስለ ወላዲተ አምላክ፣ ግቡ!» እያልኩ።

አንዲት እናት አማተበችና እንዳያየኝ የልጇን ዓይን በመዳፏ ሸፈነች።

ልጁን ታቅፌ በዛፎቹ መሐል ወደ አማቴ መጣሁና ከጠርዙ ማዶ እጄን ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። ተጸይፈውኝ ይሁን አዝነውልኝ አላወቅሁም። «የሱን ቃል እኔ እናቱ ካፈረስኩት ማን ይጠብቅለታል?» አሉኝ ቀስ ብለው። ቀጥለው «ልጁን አጥብቀሽ ያዢው፤ አንገቱን ደግፊው» አሉ። ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ አረፉ። ልጃቸው ቄሱ ከአጠገባቸው ተንበርክከው ዳዊት ይደግሙላቸው ነበር።

በዚያ ቀን አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቀበርናቸው። ቀበርናቸው እላለሁ እንጂ እኔ የቆምኩት ከሩቅ ነው፤ እንድቀርብ የፈቀደልኝ የለም።

በሳልስቱ አቶ ዮናታን መጣ። አንገቱን ደፍቶ ለቅሶ ደረሰ፤ ሰዉም አክብሮ ድንኳን ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ የዛፎቹ ዓይኖች የላኩለትን አየ። «የአንድ ሰው እግር ብቻ ነው የገባው። የአንድ ሰውን ውሉ ይችለዋል። ሁላችሁም ገብታችሁ ቢሆን ኖሮ ቧንቧው ይዘጋ ነበር» አላቸው። እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሜ ነበር። አንዲት እናቷን የቀበረች ሴት «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለሰው ሞት አነሰው!

ቄሱ ያን ሳምንት ከቤት ወጡ። ከተወገዘ ጋር የበላ ካህን መቀደስ አይችልም፤ ስለዚህ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ያለችው ጎጆ ገቡ። ሊሰናበቱኝ መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። «ለምን አልገቡም?» አልኳቸው። ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም።

«ገብቼ ቢሆን ግዝቱ ውሸት ነበር ማለት ነው» አሉ። «ግዝቱ ውሸት ከሆነ፣ ዘነቡ፣ በወሩ አንድ ዛፍ አይቀርም። አገሩን አይተሽዋል፤ ሌላው ደብር ምን እንደሆነ አይተሻል።»

«እናትዎስ?»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ቄሱ እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔም ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ አለቀስኩ። ወጥቼ ላቅፋቸው ፈለግሁ፤ ቅዳሴያቸውን እንዳላፈርስባቸው ተውኩት። ማስተዋልንም ልጁንም አክስቷ ዘንድ ወሰዷቸው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ወፍጮ ቤት ስሄድ ተራዬን ዘለው ይፈጫሉ። እንዴት አደርሽ የሚለኝ የለም። ልጁ አርባ ቀኑ ሲሞላ ክርስትና ተነሣ፤ ወልደ ሚካኤል ተባለ። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ውሃው ሲነካው ሲያለቅስ ሰማሁት። ደህና ጉልበት አለው፤ ከሰው ሁሉ በላይ ይሰማል። ደስ አለኝ፤ ደግሞም ከፋኝ። ስሞት ፍትሐት እንደማይፈታልኝ፣ መቃብሬ የት እንደሚሆን ማንም እንደማይጠይቅ ያን ለት ነው በደንብ የገባኝ። የቄስ ሚስት ሆኜ ኖሬ እንደ ውሻ ልጣል ነው እኮ!

ነሐሴ ላይ ሌላ ቀይ ቀን ታወጀ። አውቶቡሱ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም። ገና ጎህ ሲቀድ በሬን ስከፍት ደጄ ላይ ሕፃን ተኝቷል። ከጎኑ ሌላ። ሦስተኛዋን አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ስታስተኛ ደረስኩባት። አላየችኝም፤ ማለት፣ እንዳላየች ሆነች። አያ ካሤ በአጥሩ በኩል ቆሞ፣ ለኔ ሳይሆን ለአየሩ፣ «ዓይኖቹ የሚቆጥሩት እግር ነው። የታቀፈ ልጅ እግር የለውም» አለና ሄደ። ነገሩን ያወጣው እሱ ነው፤ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው ብያችሁ የለ። እኔ እንደሁ ተወግዣለሁ፤ ሁለተኛ አልወገዝም። የአንድ ሰውን እግር ደግሞ ውሉ ይችለዋል።

አንድ ባንድ አስገባኋቸው። ወይራው ሥር ደርድሬ፣ እርጥብ ቅጠል ደረታቸው ላይ አድርጌ፣ ዝንብ እየከለከልኩ ዋልኩ። እናቶቻቸው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው ያዩናል። አንዱ ጡት ፈልጎ ሲያለቅስ ጠርዙ ጋ እወስደዋለሁ፤ እናቱ አጥብታ ትመልስልኛለች፤ እጃችን እንዳይነካካ ነጠላዋን እጇ ላይ ትጠመጥማለች። ማታ ሲረከቡኝ ልጆቻቸውን በጠበል ያጥቧቸዋል፤ እኔ ስለነካኋቸው። የሞተ ልጅ ግን አልነበረም። በሚቀጥለው ቀይ ቀን ልጆቹ በዙ፤ በእግራቸው የሚሄዱትንም አመጡ፤ እያዘልኩ ተመላለስኩ። ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሦስት ቀን ተኛሁ።

ክረምቱ መስከረም ሃያ አምስት በቀኑ ወጣ፤ አንዲት ጠብታ ሳይጥል። በማግሥቱ ዘመነ ጽጌ ገባ። በዚያው ሰሞን ቄሱ ወደ ጳጳሱ ሄዱ። ካህን የገዘተውን ጳጳስ ሊፈታው ይችላል። ሲመለሱ ከሩቅ አየኋቸው፤ ሽማግሌው ሰውዬ ይሮጡ ነበር። አጥሩ ጋ ደርሰው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «ተፈቅዶልኛል! ጠቅላላው ግዝት እንዳለ ይሆናል፤ የቧንቧው ውሃ አለበት። አንቺን ግን ፍታት ብለውኛል። እሑድ ንስሐ ትገቢያለሽ፣ ትቆርቢያለሽ፣ ቤታችን እገባለሁ» አሉኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መሬቱን ሳምኩት። ያን ቀን ምሳ የበላሁት እንደ ሰው ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነጭ ነጠላዬን አጥቤ ሳሰጣ መንደሩ መጣ። በዝምታ መጥተው አጥሬን ከበቡ። ቄሱም ተጠርተው መጥተዋል። እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ መስሎኝ፣ ሞኝ እኮ ነኝ፣ ነጠላዬን እርጥቡን ለበስኩት።

አያ ካሤ እኔን አላየም። ለቄሱ እጅ ነሣ። «አባታችን» አለ፤ «ስለ እመቤታችን ብለው አይፍቷት።»

«ምን አልክ?» አሉ ቄሱ።

«ከተፈታች አትገባም። እንደ ማናችንም ትሆናለች። ተፈትታ እንደገና ከረገጠች እርስዎ ራስዎ ዳግመኛ አይፈቷትም። ታዲያ ልጆቻችንን ማን ያስገባልናል? ከኛ መሐል ሌላ ሰው ይወገዝ? ማን ይወገዝ ይላሉ?»

ሴቶቹ ልጆቻቸውን እንዳቀፉ ተንበረከኩ። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ዓይኔን እያንከራተትኩ አየኋቸው፤ ነሐሴ ላይ ዝንብ ያባረርኩላቸውን ልጆች ሁሉ አወቅኋቸው። ከኋላ፣ ከአክስቷ አጠገብ፣ ማስተዋል ተንበርክካ ነበር። ወልደ ሚካኤልን አቅፋለች። ፊቷን በልጁ መጠቅለያ ሸፍናው ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ጠብድሏል፤ እግሩን እያወራጨ ዛፎቹን ያያል።

ልናገር አልኩ፤ ልሳደብ አልኩ። ልጄን ስሟን ጠርቼ «አንቺም?» ልላት አልኩ። ነገር ግን እናት ነች። እኔስ ያን ቀን ማንን ጠየቅሁ?

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። መስቀላቸውን የያዘ እጃቸው ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሏል። «ዘነቡ፣ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ጠርዙ ላይ እግራቸውን ያነሱ ለት የነበራቸው ፊት ነው።

«አንቱ ይሂዱ፤ ነገ ቅዳሴ አለብዎት» አልኳቸው። ዞረው እስኪሄዱ ጠበቅሁ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞርኩና «ቀይ ቀን ሲመጣ ከባድ ከባዶቹን ልጆች በጠዋት አምጧቸው፤ ፀሐይ ሲበረታ ጉልበቴ ይዝላል። የሚያስመልሳቸውን ደግሞ ለብቻ አስተኙልኝ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን እያራገፉ ተነሱ፤ ልጆቻቸውን አዘሉ፤ አንድ ባንድ ሄዱ። እግዜር ይስጥልን ያለኝ የለም። ከውጉዝ ጋር አይነጋገሩም።